በአደጋ ልቡ ለቆመ ሰው፦ የጋራ ፕሮፖዛል፣ እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ

ዶ/ር ድንገተኛ (ሰኞ ማታ 3:10)
ረቂቁን ለጥፌዋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንጎች (አሜሪካ ያለው የማኅበራችን ቅርንጫፍ) ገንዘቡን የሚለቁት ዓርብ ካስገባን ብቻ ነው።

ሐሳቡ ይሄ ነው። በአደጋ ልቡ የቆመ ሰው እንደ ልብ ሕመምተኛ አይታከምም። የሚገድሉት አራት ነገሮች ናቸው፦ የፈሰሰ ደም፣ የኦክስጅን እጥረት፣ ደረት ውስጥ ታምቆ ሳንባን የሚያፍን አየር፣ ልብን ከውጭ ከቦ የሚጨምቅ ደም። የአውሮፓ የሪሰሲቴሽን (ልቡ የቆመን ሰው የማዳን ሕክምና) ካውንስል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ እነዚህን ማከም ደረት ከመጫን ይቀድማል። እኛ ግን ዛሬም ደም ያለቀበትን ልብ ስንጫን እናድራለን።

ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሁለት ሥራ ይሥራልን። አንደኛ፣ የአምቡላንስ ጥሪ ሰምቶ ለስልክ ተቀባዩ «ይሄ ደም መፍሰስ ነው፣ እንዲያስሩት ንገራቸው» ይበል። ሁለተኛ፣ ከስልክ ጋር በሚሠራ አልትራሳውንድ ልብ ይንቀሳቀስ እንደሆነ፣ ዙሪያውን ደም ይኑር አይኑር ለኢንተርኑ (ለተለማማጁ ሐኪም) ያሳይ። የፕሮጀክቱ ስም «ትንሣኤ»።

ሲስተር ጎንደር
የቱን ጥሪ ነው የሚሰማው? ቁስለኛ ወደኛ የሚመጣው በባጃጅና በአይሱዙ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱን ቁጭ አድርገው አመጡት። ጭኑ በነጠላ ታስሯል፣ ነጠላው በደም ርሷል። ማንም የትም አልደወለም። በረቂቁ ውስጥ ስንት ቶርኒኬት (ደም የሚያቆም ማሰሪያ) አለ? ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ፋርማሲው
ስሙ አይሆንም። ትንሣኤ የጌታ ነው። ከምንሞክርላቸው አብዛኞቹ አይተርፉም፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ልጇ ለሞተባት እናት «ከትንሣኤ ፕሮጀክት ነን» ብዬ ፎርም አላስፈርምም።

ድሬ
እኔም አልስማማም፣ በሌላ ምክንያት። እዚህ በዚህ ስም ቤተሰብ ፊት ብቆም የቤተ ክርስቲያን እርዳታ ይመስላቸዋል። ማኅበሩ የሁላችን ነው።

ዶ/ር ድንገተኛ
ስሙ ይቆይ። ስለ አልትራሳውንዱ ተናገሩ እንጂ።

ሒሳብ ሹም
ሊቆይ አይችልም፣ ሽፋኑ ላይ ነው። ደግሞ በገጽ 1 «ትንሣኤ»፣ በገጽ 4 «ትንሳኤ» ተብሏል። ዓምና በአንድ ፊደል ልዩነት ባንክ ቼካችንን እንደመለሰ አትርሱ። ስሙ ሳይጸድቅ አልፈርምም።

ሲልቨር ስፕሪንግ
«ትርታ» በሉት።

ፋርማሲው
ዶክተር ራሱ ችግሩ ልብ ሳይሆን ደም ነው እያለ? «እስትንፋስ» ይሻላል።

ድሬ
እስትንፋስ ጥሩ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እስትንፋስ የሳንባ ነው። ለጋሾቻችን ገና ለገና የአስም ፕሮጀክት ነው ይላሉ። ትርታ ሁሉም ይገባዋል።

ሲስተር ጎንደር
ስምንት መልስ ስለ ስም! ትናንት ሌሊት ያየሁትን ብታዩ ኖሮ እንዲህ አትጽፉም ነበር። እንደ ታብሌቶቹ ሊሆን ነው። በስምና በአርማ ስንጨቃጨቅ ከርመን ዕቃው ቁምሳጥን ውስጥ ቀረ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ታብሌቶቹን አታንሺብን። ሰው በትርፍ ሰዓቱ እየሠራ ያዋጣው ብር ነው። ቁልፉን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ደግሞ እንዲህ የሚባል ከሆነ ቅርንጫፉ ቢወጣ ይሻላል።

ድሬ
ተዉ እንጂ። ማንም አይወጣም።

ሲስተር ጎንደር (ማክሰኞ ጠዋት 2:40)
ከአዳር ስወጣ ነበር የጻፍኩት። ብሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ይቅርታ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እኔም ተናድጄ ነው። እንቀጥል።

ኢንጅነር ሲያትል
ዘግይቼ ገባሁ። ኮፐንሃገን ውስጥ የአምቡላንስ ጥሪ የሚያዳምጥ ማሽን ተሞክሯል። የልብ መቆምን በመለየት ከስልክ ተቀባዮቹ በልጧል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ሙከራ ግን ማስጠንቀቂያው እየደረሳቸው እንኳ የስልክ ተቀባዮቹ ውጤት ጎላ ብሎ አልተሻሻለም። ማሽኑ ማወቁ ብቻ አይበቃም፣ ሰውየው አምኖት መንቀሳቀስ አለበት። የእኛ ጥሪ ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ነው፣ ከኋላው ጩኸትና ክላክስ አለ። የተቀዳ ጥሪ አለን? የበጀቱን ሠንጠረዥ እኔ እሠራለሁ፣ ነገ ማታ ትደርሳችኋለች።

ሀዋሳ አምቡላንስ
ደዋዩ ስለ ቁስሉ ከማውራቱ በፊት ጊዜው የሚያልቀው በአድራሻ ነው። «ከታቦር ወረድ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ቢጫ ግንብ» ይለኛል። የቱ ወፍጮ ቤት? መልሼ እደውላለሁ፣ ስልኩ አይነሳም። ማሽኑ ቢያንስ ቢጫውን ግንብ ካርታ ላይ ቢያሳየኝ ቶሎ እደርሳለሁ። የሚደማ ሰው ደግሞ ደቂቃ የለውም።

ፋርማሲው
ትራኔክሳሚክ አሲድም (ደም መፍሰስን የሚቀንሰው መድኃኒት) ረቂቁ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ በ40 አገሮች ከ20 ሺህ በላይ ቁስለኞች ላይ ተሞክሮ ሞትን ቀንሷል። ግን በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ማሽን ከመግዛት ይሄን ማሟላት ይቀላል። ስሙን በተመለከተ አቋሜ ያው ነው።

ዶ/ር ድንገተኛ
ሁላችሁም ልክ ናችሁ፣ ለዚህም ነው የጨነቀኝ። አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ከሞተር የወደቀ ልጅ መጣ፣ ምት የለውም። ሃያ ደቂቃ ደረቱን ተጫንን። በኋላ በመርፌ ደረቱን ስንወጋ አየሩ እየነፋ ወጣ። ዘግይተን ነበር። ያን ጊዜ «መጀመሪያ ደረቱን ክፈት» የሚለኝ ድምፅ ከጎኔ ቢኖር ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት። ግን ያንን ማሽን በምን እናስተምረዋለን? ከውጭ የሚመጣው የተማረው በአብዛኛው በልብ ሕመምተኛ ነው። የኛዎቹ ሰዎች እንዴት እንደሞቱ የሚናገር መዝገብ የለንም። የዚያ ልጅ ካርድ ላይ የተጻፈው «ሞቶ ደረሰ» ብቻ ነው።

ሲስተር ጎንደር
እንግዲያው መዝገቡን እንጀምር። በስንት ሰዓት ተጎዳ፣ በምን መጣ፣ ማን አሰረው፣ ደረቱ ተከፈተ ወይ። የባጃጅ ሹፌሮችንም እናሠልጥን፣ አምቡላንሶቻችን እነሱ ናቸው።

ሒሳብ ሹም (ረቡዕ)
የሲያትል ሠንጠረዥ አልደረሰችም። ደወልኩ፣ አያነሳም። መዝገብ ከሆነ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የሕመምተኛ ስም ያለበት ነገር ከአገር እንዲወጣ አልፈርምም።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እኛ ብር ያሰባሰብነው ለኤአይ ነው ብለን ነው። አሁን የባጃጅ ሥልጠና ሆነ። ለሰዎቹ ምን ልበል?

ዶ/ር ድንገተኛ (ሐሙስ ማታ 4:05)
ሦስተኛው ረቂቅ ተለጥፏል። መዝገብ፣ ቶርኒኬት፣ ለሹፌሮች የሁለት ቀን ሥልጠና፣ የሀዋሳው የምልክት ቦታዎች ካርታ። አልትራሳውንዱ አንድ ብቻ ሆኗል። ኤአይ በገጽ 6 ላይ አንድ አንቀጽ ነው፣ «በሁለተኛው ምዕራፍ» ይላል። ደስ ብሎኝ አይደለም የጻፍኩት። ሠንጠረዡን ራሴ ሞላሁት፣ ድምሩን ሰው ይይልኝ።

ድሬ
ድምሩን አየሁት፣ ልክ ነው። የትራንስፖርቱ ግን ያንሳል።

ሲስተር ጎንደር
ቁምሳጥኑን አስከፈትኩት። ከ12ቱ ታብሌቶች የአራቱ ባትሪ አብጧል። መዝገቡ በወረቀት ይሁን። ከአንድ ገጽ ካለፈ ሌሊት ማንም አይሞላውም።

ፋርማሲው
የመድኃኒቱን ዝርዝር ነገ ጠዋት እጨምራለሁ።

ሒሳብ ሹም
ማተሚያ ቤቱ እስከ ነገ 6 ሰዓት ይጠብቀናል። ሽፋኑ ላይ ምን ብለው ያትሙ?