ሙዚቃና ቅርጻ ቅርጽ በፈራረሰ ሕንፃ ውስጥ፦ ማስተጋባቱን እንዴት እንቻለው?

ጥያቄ፦
ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለታችን ሳክስፎንና ድራም እንጫወታለን፣ ሦስተኛዋ ከወዳደቁ ቁሳቁሶች ቅርጻ ቅርጽ ትሠራለች። ሥራ ካቆመ ዓመታት ያስቆጠረ ፋብሪካ ያላቸው ሰው አዳራሹን እንድንጠቀምበት ፈቅደውልናል። የግድግዳው ልስን ረግፏል፤ የጣሪያውም አንድ ጫፍ ተገልጧል። ያለ ኖታ፣ እዚያው በመጣልን ስሜት ለመጫወት ስንሞክር ግን ድምፁ እየተደራረበ መደማመጥ አቃተን። ግድግዳውን በወፍራም ጨርቅ ብንሸፍነው ይሻል ይሆን?

መልስ 1፦
ጨርቁን እባካችሁ ተዉት፤ ማስተጋባቱን ካፈናችሁት እዚያ ድረስ መሄዳችሁ ትርጉም ያጣል። ጡብና ኮንክሪት ድምፅን እምብዛም አይመጥጡትም፣ መልሰው ይልኩታል፤ ስለዚህ ፈጠን ብላችሁ ስትጫወቱ የቀደመው ድምፅ ሳይጠፋ ቀጣዩ ይደርስበታል። አኮርዲዮን ተጫዋቿ ፖሊን ኦሊቬሮስ በ1988 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቿ ጋር በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከአገልግሎት ውጭ በሆነ የምድር ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያ ሙዚቃ ስትቀዳ ማስተጋባቱ 45 ሰከንድ ያህል ይቆይ ነበር፤ እነርሱም ረጃጅም ድምፆችን እየለቀቁ የሚመለሰውን በትዕግሥት ያዳምጡ ነበር። እናንተም መጀመሪያ አንድ ጊዜ አጨብጭቡና ድምፁ እስኪጠፋ ቁጠሩ። እኔ በአንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ሳለሁ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ የዛገ ጣሳ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ካዳመጥሁ በኋላ የጊታሬን ወፍራም ክር ከጠብታው ጋር ብቻ መምታት ጀመርሁ። ከዚያ የተሻለ ምት እስካሁን አላገኘሁም።

መልስ 2፦
ቅርጻ ቅርጹ ከዚያው ሕንፃ ቆርቆሮና ጡብ ቢሠራ እመርጣለሁ። ከጎረቤት ጋር ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ለእናንተ ውብ ፍርስራሽ የሆነው ለእነርሱ እንጀራቸውን ያጡበት ቦታ ሊሆን ይችላል። አርቲስቱ ታይሪ ጋይተን ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ፣ ባደገበት በሃይደልበርግ መንገድ ባዶ የቀሩትን ቤቶች በአሻንጉሊት፣ በጫማና በነጠብጣብ ቀለም አስጊጧል፤ ሆኖም አንዳንድ ጎረቤቶቹ ቅር ተሰኝተው ነበር፣ የከተማው አስተዳደርም በ1991 እና በ1999 የሥራውን ከፊል አፍርሶበታል።

መልስ 3፦
ስለ ጣሪያው እሰጋለሁ። ያረጀ የጣሪያ ክዳን አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርበት ስለሚችል አትቁረጡት፣ አትፋቁትም፤ ተራ የጨርቅ ጭምብል ብናኙን አያግደውም። የደረቀ የርግብ ኩስም በመጥረጊያ አይነካ። ዝናብ የሚያገኘውን የእንጨት ወለል መሐንዲስ ሳያየው አትርገጡት።

ጠያቂው፦
ከልብ እናመሰግናለን። ዛሬ ጠዋት ሄደን አጨበጨብን፤ መሃል ላይ አራት ሰከንድ ያህል ቆየ፣ ጣሪያው በተገለጠበት በኩል ግን ቶሎ ጠፋ። ወለሉ በዚያ በኩል ሲሚንቶ ስለሆነ፣ መሐንዲስ ካየው በኋላ ድራሙን ወደዚያ እናዛውረዋለን፤ ሳክስፎኑ መሃል ይቀራል።