በመርፌ ቢመጠጥም ተመልሶ የሚሞላ የአንገት እብጠት

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦች፤ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የ34 ዓመት ሴት፣ በአንገቷ ግራ ጎን 6 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ለስላሳና የማያም እብጠት አለባት። ባትሪ ሲበራበት ብርሃን ያሳልፋል። በአልትራሳውንድ ፈሳሹ በቀጫጭን ግድግዳዎች ተከፋፍሎ ይታያል። 35 ሚሊ ሊትር ቢጫ ውሃ ተመጠጠ፤ በሦስተኛው ሳምንት እንደነበረው ሞላ (የከረጢቱ ሽፋን እስካለ መሙላቱ አይገርምም)። ናሙናው ሊምፎሳይት (የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ብቻ ነው፤ ለቲቢ የተሠራው ጂንኤክስፐርት ኔጌቲቭ። በአዋቂ ላይ የታይሮይድ ካንሰር ስርጭትም ውሃ ቋጥሮ ስለሚያታልል የፈሳሹን ታይሮግሎቡሊን (የታይሮይድ ሕዋሳት የሚሠሩት ፕሮቲን) አስለካሁ፤ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ሊምፋንጂዮማ (ካንሰር ያልሆነ የሊምፍ ቧንቧዎች እብጠት) ብያለሁ።

ከረጢቱ ውስጥ ተወግተው ግድግዳውን ከሚያጣብቁት መድኃኒቶች ብሊዮማይሲን ለሳንባዋ ያሰጋኛል። ዶክሲሳይክሊን፣ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም፣ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሕመሙ ግን ከባድ ስለሆነ ያለ ማደንዘዣ አልደፍርም። የቸገረኝ፦ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ልውጋ? ወይስ የትከሻው ነርቭ እዚያው እያለፈም ቢሆን ወደ ቀዶ ጥገና ልላካት? አዋቂ ላይ የሞከራችሁ፣ ስንት ዙር ፈጀባችሁ?