አንድ ሲትኮም በመጀመሪያው ምዕራፍ በእግሩ የሚቆመው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ የመርካቶው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሚካሄድ ሲትኮም (ተከታታይ አስቂኝ ድራማ) ለዩቲዩብ እየሠራን ሲሆን፣ እስካሁን ስድስት ክፍሎችን ቀርጸናል። ገና ሳንለቀው ዘመዶቻችንን ሰብስበን ስናሳያቸው በሁለቱ ሠራተኞች ከልባቸው ሳቁ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ የሆነው የቤቱ ባለቤት ብቅ ባለ ቁጥር ግን ሳቁ ይቋረጥ ነበር። አክስቴ «ይሄ ሰውዬ እንዲህ ክፉ ከሆነ ለምን ጥለውት አይሄዱም?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ጓደኞቼ ባለቤቱን አውጥተን በሌላ እንተካው የሚል ሐሳብ አላቸው፤ እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። የታወቁት የአሜሪካ ሲትኮሞች ሲጀምሩ እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማቸው ምን እንዳደረጉ የምታውቁ ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የማታ ተመልካች

የጠየቁት ነገር በአንድ ቢሮ ውስጥ በሚካሄደው «ዘ ኦፊስ» በተባለው ሲትኮም ላይ የደረሰው ነው። የአሜሪካው ሥራ በ2005 እ.ኤ.አ. በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሲጀምር የመጀመሪያው ክፍል ሪኪ ጀርቬይስና ስቲቨን መርቻንት ለቢቢሲ ከሠሩት የእንግሊዙ ሥራ ቃል በቃል ሊባል በሚችል ደረጃ የተወሰደ ነበር። ምዕራፉም ስድስት ክፍል ብቻ ነበረው። ስቲቭ ኬረል የሚጫወተው አለቃ ማይክል ስኮት ጸጉሩን ወደ ኋላ ለጥጦ የሚታይ፣ ቀልዱ ሰው የሚያቆስል፣ ተመልካቹም የሚሸማቀቅበት ሰው ነበር።

በሁለተኛው ምዕራፍ ደራሲዎቹ ማይክልን አላስወጡትም፤ ጨዋ ሰውም አላደረጉትም። ማይክል ከራሱ አለቃ ከጃን ጋር አንድ ትልቅ ደንበኛ ለማግኘት የሚሄዱበትን ክፍል በጥሞና እንዲያዩት እለምንዎታለሁ። ማይክል በሆቴል ሊደረግ የታሰበውን ስብሰባ ቺሊስ ወደሚባል ምግብ ቤት ያዞረዋል፤ ሲቀልድና ሲዘፍን ሰዓቱ ይነጉዳል፣ ጃንም በንዴት ትቃጠላለች። መጨረሻ ላይ ግን ያ ሁሉ ጨዋታ ደንበኛውን ሲያላምድ እንደነበር ይገለጣል፤ ማይክል ስለ አካባቢው በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሥራውን ይወስዳል። ጃን ስትደነግጥ እኛም አብረናት ደነገጥን፤ ሰውዬው እዚያ ወንበር ላይ ለምን እንደተቀመጠ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባን። የአክስትዎ ጥያቄ የሚመለሰው እንዲህ ባለ ትዕይንት ነው ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ ሰናይት ከአዳማ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ለእርስዎ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው በአንድ ከተማ የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚካሄደው «ፓርክስ ኤንድ ሪክሪዬሽን» ይመስለኛል። ይህ ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. በግሬግ ዳንኤልስና በማይክል ሹር አማካይነት ሲጀምር የእርሱም የመጀመሪያ ምዕራፍ ስድስት ክፍል ብቻ ነበር፤ ኤሚ ፖለር የምትጫወታት ሌዝሊ ኖፕም የማይክል ስኮት ግልባጭ ትመስላለች ተብላ ተተችታለች። ደራሲዎቹ ሌዝሊን ከሥር መሠረቷ አልናዷትም። ጉጉቷና ለፍቶ አደርነቷ እንዳለ ቀርቶ፣ በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች እርሷን የሚያዩበት ዓይን ተለወጠ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚታገሷት ባልደረቦቿ በሁለተኛው ሥራዋን ማክበር ጀመሩ፤ መንግሥት የሚባል ነገር የማይወደው አለቃዋ ሮን ስዋንሰን እንኳ ሳይቀር። እዚያው ሥራ ላይ ክሪስ ፕራት የተጫወተው አንዲ ለአጭር ጊዜ ብቻ ታስቦ የገባ ገጸ ባሕርይ ነበር፤ ተዋናዩ ስለተወደደላቸው ግን ቋሚ አደረጉት። የእናንተ ሁለት ሠራተኞች ሳቅ ካመጡ፣ ባለቤቱን በእነርሱ ዓይን አሳዩት።

መልስ፦ አሮጌው ቴሌቪዥን

የ«ሳይንፌልድን» ጅምር ልጨምር። በሐምሌ 1989 እ.ኤ.አ. በታየው የሙከራ ክፍል ኋላ ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዷ የሆነችው ኢሌን የለችም፤ ጎረቤቱ ክሬመርም ኬስለር ይባል ነበር። በቅድሚያ ያዩት ሰዎች አልወደዱትም፤ ጣቢያውም ያዘዘው አራት ተጨማሪ ክፍሎችን ብቻ ነበር። ጆርጅን የሚጫወተው ጄሰን አሌክሳንደር መጀመሪያ ላይ የፊልም ተዋናዩን ዉዲ አለንን እየመሰለ ይጫወት ነበር፤ ጆርጅ በእርግጥ ደራሲው ላሪ ዴቪድ ራሱ መሆኑን የተረዳው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ባለቤቱን የሚጫወተውን ተዋናይ ማንን እያሰበ እንደሚጫወት ጠይቁት። የሰማውን ክፉ አለቃ ሁሉ አጠራቅሞ የሚጫወት ከሆነ፣ ችግሩ ከስክሪፕቱ ላይሆን ይችላል።

ጠያቂው፦ የመርካቶው ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ተዋናዩን ጠይቄው «የፊልም አለቃ» አለኝ፤ እኔ ስጽፍ ግን በልቤ የነበረው አጎቴ ነው። ትናንት ማታ አንድ ትዕይንት ጻፍኩ፦ መዝጊያ ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ለሥራ የምታስገባውን ዲፕሎማ ይዛ ትመጣለች፤ ባለቤቱ የታጠፈውን ጥግ በአውራ ጣቱ እያቃና ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ያነሳዋል፣ የተበላሹትን ሁለቱን ቀዶ ይጥላል፣ የአንዱን ብቻ ሒሳብ ይቀበላል። ሠራተኞቹ ከበሩ ሥር ቆመው ያዩታል፤ ልጅቷ እንደወጣች ግን የተበላሸውን ወረቀት ዋጋ ከእነርሱ ደመወዝ እንደሚቆርጥ ይነግራቸዋል። ቅዳሜ እንቀርጸዋለን፤ አክስቴንም እጠራታለሁ።