«ተመልሶ ካልተዋጋ ተሳክቷል» ማለት ይበቃል ወይ?

ጠያቂው፦
ትናንት ስለ ቀድሞ ተዋጊዎች መልሶ ማቋቋም ስናወራ ቆጣሪ የጻፈው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። «ሰውየው ተመልሶ ካልተዋጋ ፕሮጀክቱ ተሳክቷል፣ ሌላው የምሁራን ወሬ ነው» አልክ። ጦርነት እኮ በብዙ ምክንያት ይቆማል። ሰው ይሰለቻል። አዛዦች ሥልጣን ይካፈላሉ። የውጭ ጦር ይገባል። ታዲያ ፕሮጀክቱ ምን ስለሠራ ነው ምስጋናውን የሚወስደው? ሴራሊዮንን እይ። ከ72,000 በላይ ተዋጊዎች ትጥቅ ፈቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጦርነቱ ማብቃቱ ታወጀ። ሁሉም አርአያ አደረጋት። ሃምፍሬይስ እና ዋይንስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች ግን ከ1,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ጠየቁ። የመልሶ ማቋቋም ፕሮግራሙ ውስጥ የገባውን ካልገባው ጋር አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ የገባው ካልገባው የተሻለ ከማኅበረሰቡ ስለመቀላቀሉ እዚህ ግባ የሚባል ማስረጃ አላገኙም።

ቆጣሪ፦
አሁንም እደግመዋለሁ፤ ተመልሶ ካልተዋጋ ተሳክቷል። ልጇ የሞተባት እናት ንጽጽር አትጠይቅም። ዳግም ተኩስ አለመስማት ነው የምትፈልገው። ደግሞ አንዱ በፕሮግራሙ ሥራ ሲያገኝ ጎረቤቱም ይረጋጋል፤ እሱ ፕሮግራሙ ውስጥ ባይገባም። ሁለቱም ከተጠቀሙ በመካከላቸው ልዩነት ከየት ይመጣል? ልዩነት ስላልታየ ፕሮጀክቱ አልሠራም ማለት አትችልም።

ጠያቂው፦
እሺ፣ ሊሆን ይችላል። ሠርቷል ለማለትስ ምን ይዘሃል? ያው ጥናት ሌላም ነገር አለው። በሰላማዊ ሰው ላይ ብዙ ግፍ በፈጸመ ክፍል ውስጥ የነበረ ተዋጊ ነው ተቀባይነት ለማግኘት የተቸገረው። ይህ ሰው አይዋጋም። ግን ሰፈሩ አልተቀበለውም። አንተ ይህንንም «ተሳክቷል» ብለህ ትመዘግበዋለህ።

ሜዳ ላይ፦
ከናንተ ክርክር በፊት ግምገማው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ይታወቅ። እኔ እዚህ ሥራ ውስጥ ነበርኩ። ገምጋሚው የሚመጣው በጀቱ ሊያልቅ ሲል ነው። የሚያነጋግራቸውን ሰዎች ዝርዝር የምንሰጠው እኛው ነን። የተጠየቀው ሰው ደግሞ መልሱ የሚቀጥለውን ድጋፍ የሚወስን ይመስለዋል። «ረድተውኛል» ከማለት ሌላ ምን ይበል? ከዚያ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ሰው የአናጢ መሣሪያ ወሰደ የሚል ሪፖርት ይወጣል። በአንድ ትንሽ ከተማ ያን ሁሉ አናጢ ማን እንደሚቀጥረው ማንም አልጠየቀም። መሣሪያውን ሸጠው የበሉትን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም።

እናና፦
ሁላችሁም የቆጠራችሁት ጠመንጃ ይዞ የመጣውን ነው። በሴራሊዮን መጀመሪያ ላይ መሣሪያ ያላስረከበ አይመዘገብም ነበር። ምግብ ያበሰሉ፣ ጭነት የተሸከሙ፣ ተጠልፈው የአዛዥ «ሚስት» የተደረጉ ሴቶችና ልጃገረዶች ብዙዎቹ ውጭ ቀሩ። ከተመዘገቡት ውስጥ ሴቶች 10 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ያልተመዘገበችውን ግምገማው አይጠይቃትም። ቆጣሪ ወንድሜ፣ እሷ ቀድሞውንም አልተዋጋችም። እንግዲህ በአንተ መለኪያ ምን ትባላለች?

ቆጣሪ፦
እህቴ፣ ያ የምዝገባ ጥፋት ነው። በሩን ስትከፍቺው ደግሞ ላይቤሪያ የሆነው ይሆናል። ከ100,000 በላይ ሰው ተመዘገበ፤ የተሰበሰበው ጠመንጃ ግን 30,000 አይሞላም። ዘመድ ዘመዱን እያስመዘገበ ማለት ነው።

እናና፦
ሌባ ገባ ተብሎ ተጠልፋ የተወሰደች ልጅ ትቀጣ? አዛዡ የራሱን ዘመድ ሲያስገባ እሷን ያስቀረ እሱ ነው። ጥፋቱን እዚያ ፈልግ።

ጎህ፦
ፕሮጀክት ሁሉ ከንቱ እንዳይመስል ልጨምር። ብላትማን እና አናን የተባሉ ተመራማሪዎች ላይቤሪያ ውስጥ ከ1,000 በላይ ለጥፋት ቅርብ የሆኑ ሰዎችን ተከታትለዋል፤ አብዛኞቹ የቀድሞ ተዋጊዎች ናቸው። የግብርና ሥልጠናና መነሻ ግብዓት ያገኙት በሕገ ወጥ ሥራ የሚያጠፉትን ሰዓት ወደ 20 በመቶ ቀነሱ። ሙሉ በሙሉ ግን አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጎረቤት ኮትዲቯር ጦርነት ውስጥ ስትገባ ቅጥረኛ የሚመለምሉ ሰዎች መጡ። ለምልመላው በይበልጥ ጀርባ የሰጡት ገና የሚመጣ ድጋፍ የሚጠብቁት ነበሩ። የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ያመነታል። ለእኔ ይህ ከመቶ የሥልጠና የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ቆጣሪ፦
እኔ ካልኩት በምን ተለየ? አልተዋጉም አይደል!

ጠያቂው፦
ካልደረሳቸው ጋር ስለተነጻጸሩ ነዋ! ከትናንት ጀምሮ የምለው ይህንን ነው።

ሜዳ ላይ፦
ንጽጽሩ የተገኘው ግን ድጋፉ ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ስለተለየ ነው። ተስፋ የቆረጠና ጠመንጃ የለመደ ሰው ፊት ቆሜ «ዕጣ አልወጣልህም» እንድለው ነው የምትፈልጉት? እናንተ ከወንበራችሁ ላይ ሆናችሁ ነው የምታወሩት። እኔ ግን ማታ እዚያው ነው የማድረው።

ጎህ፦
ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ያለ ዕጣ የሚመርጠው አዛዡ ነው። እናና ያለችውን አንብብ። ዕጣ ሳይወጣም ማነጻጸር ይቻላል። ቡሩንዲ ውስጥ ለቀድሞ ተዋጊዎች የመቋቋሚያ ድጋፍ ከሚያደርሱት ድርጅቶች የአንዱ ሥራ በውል ጣጣ ዘገየ። ተመራማሪዎቹ የደረሳቸውን ካልደረሳቸው ጋር አስተያዩ። ገቢያቸው በደንብ አድጓል። ለሰላሙና ለመንግሥት ያላቸው አመለካከት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ኪስ ሲሞላ ልብም አብሮ ይመለሳል የሚለውን ግምት አልደገፈውም።

እናና፦
ጎረቤቶቹስ? ቤቱ የተቃጠለበት ሰው፣ ያቃጠለው በየወሩ ሲከፈለው እያየ ዝም ይበል? እሱን የጠየቀ አለ?

ሜዳ ላይ፦
እሱን ለመጠየቅ ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ቆይቶ ተመልሶ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ለዚያ በጀት የያዘ ለጋሽ እኔ አልገጠመኝም።

ጠያቂው፦
እንግዲያው ገንዘቡ ከመጀመሪያው ይያዝ። ሥራው ሳይጀመር፣ መነሻ ጥናቱ ሲሠራ።

ቆጣሪ፦
ያንን ገንዘብ ለተጨማሪ 50 ሰው መቋቋሚያ ስጡት። ወረቀት ሰው ከጫካ አያስቀርም።

ጠያቂው፦
የትኞቹን 50? ለየትኛው ሥራ? ከማን ጋር ሊኖሩ? መጀመሪያ ይህንን መልስልኝ።