የመሬት እግድ ትዕዛዝ መጣሱን ለማስረዳት ምን ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦
በወሰን ክርክር ምክንያት ፍርድ ቤቱ ዋናው ጉዳይ እስኪወሰን ድረስ ባላጋራችን በመሬቱ ላይ ምንም ዓይነት ግንባታ እንዳያካሂድ የእግድ ትዕዛዝ ሰጥቷል። ከትዕዛዙ በኋላ ግን አጥር ታጥሯል፤ የመሠረት ጉድጓድም ተቆፍሯል። እርሱ አጥሩ ከእግዱ በፊት የነበረ መሆኑንና የትዕዛዙ ግልባጭም እንዳልደረሰው ይናገራል። በእጄ ያሉት በስልክ ያነሣኋቸው ፎቶግራፎች ናቸው፤ ሥራውን ያዩ ጎረቤቶችም አሉ። ፍርድ ቤትን በመድፈር እንዲቀጣ ለማመልከት እነዚህ ይበቁ እንደሆነ በሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ምላሽ 1፦
አቤቱታዎን ውድቅ ሊያስደርጉ የሚችሉት ባላጋራዎ ያነሣቸው እነዚሁ ሁለት ነጥቦች ስለሆኑ ማስረጃዎን በእነርሱ ዙሪያ ያሰናዱ። ትዕዛዙን ማወቁን በተመለከተ፣ እርሱ ወይም ጠበቃው ትዕዛዙ ሲነገር በችሎት ከነበሩ የዕለቱን መዝገብ የተረጋገጠ ግልባጭ ያያይዙ። ካልነበሩ ግን ትዕዛዙን ያደረሰው ሰው ቀኑንና የተቀባዩን ፊርማ የሚያሳይ ማረጋገጫ እንዲሰጥ፣ ባላጋራዎ አልቀበልም ብሎ ከሆነም ይህንኑ በመሐላ እንዲያስረዳ ያስፈልጋል።

ጊዜውን በተመለከተ ፎቶግራፎቹን ከስልኩ ላይ አያጥፉ። በመልእክት መላላኪያ የተላከ ፎቶ ቀኑንና ቦታውን የሚያሳየውን መረጃ ብዙ ጊዜ ያጣልና ዋናው ፋይል ሊኖርዎ ይገባል። የስልክ ቀን ሊቀየር ስለሚችልም ያነሣው ሰው ራሱ ቀርቦ መቼና ከየት ቆሞ እንዳነሣው ይመስክር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መሬቱ ትዕዛዙ በተሰጠበት ጊዜ ባዶ እንደነበር የሚያሳይ ነገር ነው፤ ከዋናው ክስ ጋር የቀረበ ፎቶግራፍ ወይም ቀኑ የታወቀ የሳተላይት ምስል ካለ ይፈልጉ። ጎረቤቶችዎም «እግዱን ጥሷል» ብለው እንዳይደመድሙ ይንገሯቸው። ያን መወሰን የዳኛው ሥራ ነው፤ ከእነርሱ የሚጠበቀው ማን፣ መቼ፣ ምን ሲሠራ እንዳዩ መናገር ብቻ ነው።

ምላሽ 2፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም የትዕዛዙ አጻጻፍ ራሱ ተዘልሏል። ትዕዛዙ «ክርክር በተነሣበት መሬት ላይ» ብሎ ብቻ ወሰኑን ሳይገልጽ ቀርቶ እንደሆነ ባላጋራዎ የቆፈርኩት በራሴ ይዞታ ነው ማለቱ አይቀርም፤ አሻሚ ትዕዛዝ ደግሞ በአብዛኛው የሚተረጎመው ሊቀጣ ለቀረበው ሰው በሚጠቅም መንገድ ነው። ስለዚህ ቀያሽ ቦታውን ለክቶ አጥሩና ጉድጓዱ ከክሱ ጋር በቀረበው ካርታ ላይ የት እንደሚያርፉ ያሳይ። የመሬቱ ባለቤት ማን ነው የሚለውን ግን በዚህ አቤቱታ አያንሡት፤ ክርክሩን ከመንገዱ ያስወጣዋል። ቆፋሪዎቹ የቀን ሠራተኞች ከሆኑም ያዘዛቸውና የከፈላቸው እርሱ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ምላሽ 3፦
የማስረዳት ደረጃውን፣ ማለትም ማስረጃው ዳኛውን ምን ያህል ማሳመን እንዳለበት፣ አቅልላችሁ እንዳታዩት እሰጋለሁ። ውጤቱ እስራት ሊሆን ስለሚችል በእንግሊዝ ሕግ ትዕዛዙን መጣስ የሚረጋገጠው እንደ ወንጀል ጉዳይ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ነው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግም ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ሊደርስ ይችላል። የሕንድ የ1908 እ.ኤ.አ. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ትዕዛዙን የጣሰውን ሰው ንብረት መያዝንና እርሱን እስከ 3 ወር ማሰርን ይፈቅዳል። ጠያቂያችን መዝገቡ ባለበት አገር የሚሠራበትን ደረጃ ከጠበቃቸው ጋር አስቀድመው ያጣሩ።

ባላጋራዎ «ትዕዛዙ ከመነሻው ስሕተት ነበር» ቢል ግን አያስደንግጥዎ፤ ትዕዛዝ እስኪሻር ድረስ ይከበራል፤ ቅር የተሰኘ ሰው እንዲነሣለት ያመለክታል እንጂ አካፋ አያነሣም። በአቤቱታዎም ቅጣት ብቻ አይጠይቁ፤ አጥሩ እንዲፈርስ፣ ጉድጓዱ እንዲደፈንና መሬቱ በትዕዛዙ ዕለት ወደነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ ለይተው ያመልክቱ፤ ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥምና።