ሰው በሐኪም እርዳታ ሲሞት ሞትን የመረጠበት ምክንያት መዝገብ ላይ ይግባ ወይስ አይግባ?

የደሴዋ ነርስ፦
ወገን፣ አንድ ነገር ላንሳ። አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ከ6 ወር በላይ አይኖርም የተባለ በሽተኛ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ራሱ ወስዶ መሞት ይችላል። ሕጉ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ሐኪሞች የሞት ምስክር ወረቀት ላይ እንዲጽፉ የሚመከሩት ግን በሽታውን ነው፣ ካንሰር ከሆነ ካንሰር። ለምን እንደፈለገው የሚጠይቅ ቅጽ ለብቻው አለ፣ ጤና ቢሮው ደምሮ በየዓመቱ ያወጣዋል። እኛ አገር ነገሩ ወንጀል ነው፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 ላይ ሰፍሯል። እኔ የምለው ስለ መዝገቡ ነው፦ የተፈቀደበት አገር ሁሉ ምክንያቱ በሞት ስታቲስቲክስ ውስጥ መግባት አለበት።

የቅሬ ጸሐፊ፣ ሐይቅ፦
እህቴ፣ አልስማማም። የቅሬ (የእድር) መዝገብ ስይዝ ስንት ዓመቴ፣ በምን ሞተ ብለን ለቀስተኛ ፊት ጠይቀን አናውቅም። የሞት ወረቀት ብዙ እጅ ይዞራል፤ ለወራሽነት ፍርድ ቤት፣ ለጡረታ፣ ለባንክ። «ልጆቼን አስቸገርኩ ብሎ ሞተ» የሚል ወረቀት ይዞ የሚሰለፈውን ልጅ እስቲ አስቢው።

ከባቲ፦
ወላሂ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ነፍስ የአላህ አማና ናት። ቅጽ ከተሠራለት እየተለመደ ይሄዳል።

የደሴዋ ነርስ፦
ወንድሜ፣ የመኪና አደጋም ይመዘገባል፣ ስለተመዘገበ ግን ማንም አልወደደውም። ጋሼ፣ አንቱ ስለ ወረቀቱ ያሉት ልክ ነው፣ ወረቀቱ ላይ አይጻፍ። ቁጥሩን ግን ተዉልኝ። ኦሪገን ቅጹ ላይ 7 ምክንያት አለ፣ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይም ይመረጣል። እኛ ብንጠየቅ ሁላችንም ስቃይ ነው እንላለን አይደል? በቂ የሕመም ማስታገሻ አላገኘሁም ወይም አላገኝም የሚል ስጋት የተጻፈላቸው ከ10 ሰው ወደ 3 ናቸው። ራሴን ችዬ መኖር አቃተኝ የሚለው ወደ 9 ይደርሳል። ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ የሚለው ደግሞ ከ4 በላይ ነው። ካንሰር ብቻ ተብሎ ቢታለፍ ይሄን ማን ያውቅ ነበር? ሸክም ሆንኩ ለሚል ሰው እኮ መድኃኒቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያግዘው ሰው ነው።

የሕግ ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦
ቅጹን የሚሞላው ማነው? ሐኪሙ ነው፣ ያውም ሰውየው ከሞተ በኋላ። ሟች ተነስቶ «እንዲህ አላልኩም» አይል። የኔዘርላንድ አካሄድ ይሻለኛል። እዚያ እንዲህ ያለ ሞት እንደ ተፈጥሮ ሞት አይቆጠርም፣ ሐኪሙ ለከተማው የአስከሬን መርማሪ ያሳውቃል፣ ከዚያ ገምጋሚ ኮሚቴ ፋይሉን ያየዋል። ምክንያቱ የሚጻፈው ሐኪሙ እንዲጠየቅበት ነው።

ከወልድያ፦
እኔ እናቴን 8 ወር አስታምሜያለሁ። ሌሊት ሌሊት «በቃኝ፣ አንቺንም ጨረስኩሽ» ትለኝ ነበር፣ እኔም ግድግዳው ላይ ተደግፌ አለቅስ ነበር፣ ምን ልበላት? በኋላ ደህና ማስታገሻ ተገኘላት፣ የጎረቤት ሴቶችም ተራ ገብተው ማደር ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ያንን ቃል አልደገመችውም። ቡና ሲፈላ ቀና አድርጉኝ ትል ጀመር። እና የትኛው ይጻፍላት? የፊተኛው ወይስ የኋለኛው? ስትሞት ቀበሌ ሄጄ የሞት ምክንያት ስባል «ሕመም» አልኩ፣ እሱው ተጻፈ።

የደሴዋ ነርስ፦
አብሽሪ እህቴ። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እንግዲያው ሐኪሙ በኋላ የሚሞላው አይበቃም። ሰውየው በሕይወት እያለ በራሱ ቃል ይጠየቅ፣ ደግሞም ከአንድ ጊዜ በላይ። ሐሳቡ ከተለወጠ መለወጡም ይጻፍ።

የቅሬ ጸሐፊ፣ ሐይቅ፦
ስም ከሌለበት እኔም አልከለክልም። ሟቹ ራሱ ያልተናገረውን ግን ማንም አይሙላለት፣ ባዶ ይተው።

የደሴዋ ነርስ፦
እሺ ጋሼ፣ ባዶው ይተው። ስንቱ ባዶ እንደሆነም አብሮ ይቆጠር።