ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ፦ እየቀማመሱ ምሳ መብላት ይቻላል?

መንገደኛው፦
ሰላም ለሁላችሁም። በጥቅምት መጀመሪያ ለሥራ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር እመጣለሁ። ቅዳሜ እስከ 8 ሰዓት ነጻ ነኝ። የሆቴል ምሳ ሰልችቶኛል፤ የትም ከተማ ብሄድ ያው ጥብስ፣ ያው ፍርፍር ነው። ቅዳሜ ገበያ ገብቼ ከዚህም ከዚያም ብቀማምስ ምሳ ይሆነኛል? ወይስ ገበያው እህልና ልብስ ብቻ ነው? ሆዴ ብዙም ጠንካራ አይደለም፤ እሱንም አስቡልኝ።

ጣና ዳር፦
ምን አደከመህ? ወደ ሐይቁ ውረድና አንድ ቆሮሶ አሳ ሙሉውን አስጠብሰህ በሎሚና በአዋዜ ብላ። ገበያው ለሸማች ነው።

የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ፦
ወንድሜ፣ አሳውን ለማታ አቆየው። እናቴ ከአዴት ቅቤ እያስመጣች ትሸጥ ስለነበር ያደግሁት ገበያው ውስጥ ነው፤ እንደ ባለቤት ብናገር አትፍረዱብኝ።

ማልደህ አትምጣ። ባላገሩ ከእነ አዴት፣ ከእነ መራዊ ደርሶ ዕቃውን እስኪዘረጋ ይረፍዳል። ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ግባ።

መክፈቻህ ግብጦ ይሁን። ጥሬው ከሬት የመረረ ነው፤ ተቆልቶ ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ከተነከረ በኋላ ነው ለሰው የሚሆነው። ሴቶቹ በስኒ እየሰፈሩ ይሸጡታል። ከመግዛትህ በፊት አንዲቷን አንሳና ልጣጩን በጣትህ ጫን በለው፤ ፍሬዋ ሹልክ ብላ ትወጣለች። ምላስህ ላይ ምሬት ከቀረ ውኃ አልጠገበም ማለት ነው፤ አመስግነህ እለፍ። ሆዴ ጠንካራ አይደለም ላልኸው ለአንተ ይህ ቀልድ አይደለም። በደንብ የጣፈጠው ከትንሽ ጨው ጋር ሲሆን ግን እጅ አያስነሳም።

ከዚያ ድፎ ዳቦ ቁራሽ ግዛና ይዘኸው ወደ ማር ሻጮቹ ሂድ። ስንጥር ነክረው ያቀምሱሃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ስማኝ፦ ቅምሻ የገዢ መብት ነው፤ የተራበ ሰው መብት አይደለም። እናቴ የሚገዛውን ሰው ከእጁ ትለየው ነበር። ዕቃ የያዘው ይገዛል፤ ባዶ እጁን የመጣው ሦስት ቦታ ቀምሶ «ዞሬ እመጣለሁ» ይላል። ስለዚህ ክዳን ያለው ዕቃ ያዝ፤ ግማሽ ኪሎም ቢሆን አስመዝን። ቀይም ነጭም እያሉ የየአገሩን ማር ያስነኩሃል። ያኔ ከገዛኸው ላይ ዳቦህን እያጠቀስህ ብትበላ ማንም ቅር አይለውም፤ እኔን ብትጠይቀኝ የገበያው ምርጥ ምሳ ይኸው ነው።

ቅቤ ለመቅመስ ከሆነ የመጣኸው ጊዜው አይመችህም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጾመ ጽጌ ነው። የፈቃድ ጾም ቢሆንም ብዙዎቹ እናቶች ስለሚይዙት ቅቤውን ቀምሰው አያሳዩህም፤ አሽትተህ ትለያለህ። እርጎውንም ለሆድህ ስትል ተወው። የተላጠና የተቆረጠ ፍራፍሬም እንዲሁ፤ ዘይቱን ካገኘህ ራስህ አጥበህ ብላ። ማንጎ አትፈልግ፣ ወራቱ አይደለም።

ፍም ላይ የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት መጨረሻ ላይ ትደርሳለህ። ትኩስ ቅቅል ድንች በዳጣ ካገኘህም አትለፈው። ከእሳት ላይ የወረደ ነገር እስከበላህ ድረስ አትፍራ።

የማርቆሱ፦
የባሕር ዳር ሰዎች ስለ ቅቤና ስለ ማር ሲያስተምሩ መስማት ይገርማል፤ ከየት እንደሚመጣላችሁ እናውቃለን! ጠያቂው፣ በመኪና ከሆነ የምትመጣው ደብረ ማርቆስ ላይ ወርደህ የጮቄን የገብስ ቆሎ ያዝ፤ እስከ ባሕር ዳር ያዘልቅሃል። የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ ስለ ጠላ ዝም ያለችው ግን ለምንድን ነው?

የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ፦
ሰውየው ከ8 ሰዓት በኋላ ሥራ አለበት፤ ለዚያ ነው። የዳጉሳ ጠላ በባዶ ሆድ ጠጥቶ ስብሰባ የሚገባ ካለ ራሱ ይወቅ። ብርዝ ካገኘ ይጠጣ፤ ከዘጌ የመጣ ቡናም ገበያው ውስጥ አይጠፋም። ማርቆሶች ደግሞ የማርቆስ አረቄን አስተምሩ፤ እሱን አልቀማችሁም።

መንገደኛው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ እየተራመድሁ ባላምጥ ነውር አይሆንብኝም?

የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ፦
ቆሎና ግብጦ ሲሆን ማንም አያይህም፤ ዳቦ እየገመጡ መሄድ ግን ለትልቅ ሰው ያሳፍራል። ሻጮቹ አጠገብ ዱካ ወይም የተገለበጠ ሣጥን አይጠፋም፤ «ልቀመጥ፣ እናቴ?» ብለህ ጠይቅ። ስትበላም በአካባቢህ ላሉት «እንብላ» ማለት እንዳትረሳ። «ብላ፣ ይስማማህ» ይሉሃል እንጂ ዳቦህን አይካፈሉህም፤ ቀጥሎ ግን ከየት እንደመጣህ፣ ማንን እንዳገባህ ሳይጠይቁ አይለቁህም።

ዝርዝር ብር በብዛት ያዝ። አንድ ስኒ ግብጦ ገዝተህ 200 ብር ብትዘረጋ ሴትዮዋ መልስ ፍለጋ ተራውን ስትዞር እዚያው ቆመህ ግብጦዋን ትጠብቅላታለህ።